መንገዱ ወደ ግቢ ሲገባ፦ የአንባቢያን የሕግ ጥያቄዎችና መልሶች

ከጎንደር የሚደርሱን ደብዳቤዎች ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በአብዛኛው አንድ ጉዳይ የሚያነሡ ናቸው፤ መንገድ ሊሰፋ ነው ተብሎ አጥራቸው፣ ሱቃቸው፣ ቤታቸው ወይም ማሳቸው የሚነካባቸው ሰዎች ምን እንደሚገባቸውና ምን ማድረግ እንዳለባቸው ይጠይቃሉ። ከእነዚህ መካከል ከአዘዞ፣ ከፒያሳ አካባቢ፣ ከማራኪና ከጠዳ የተጻፉትን መርጠን፣ ስምና አድራሻ ትተን፣ ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን አቅርበናል። መልሶቹ በሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝብ ጥቅም የመሬት ይዞታ ስለሚለቀቅበትና ካሣ ስለሚከፈልበት ሁኔታ በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 እና በማስፈጸሚያው ደንብ ቁጥር 472/2012 ላይ የተመሠረቱ ናቸው። የምትክ ቦታ ስፋትንና የግንባታ ነጠላ ዋጋን የመሳሰሉ ዝርዝሮች በክልልና በከተማ መመሪያ የሚወሰኑ ስለሆኑ፣ ጠያቂዎቻችን በአካባቢያቸው በሥራ ላይ ያለውን መመሪያ ጠይቀው እንዲያዩ አደራ እንላለን።

ጥያቄ፦ ቤቴ ከአዘዞ ወደ ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የምተዳደረው ከግቢዬ ፊት ባሉት ሁለት ሱቆች ኪራይ ነው። ባለሙያዎች መጥተው ለክተው፣ ከፊት ለፊት አራት ሜትር ያህል ለመንገዱ እንደሚወሰድ ነገሩኝ። ሁለቱ ሱቆች፣ የድንጋይ አጥሩና የዋናው ቤት በረንዳ ይፈርሳሉ ማለት ነው። ለመሬቱ ካሣ የለም፣ ለቤቱ ብቻ ነው ተባልኩ። ቁጥር የተሞላበት ቅጽ ሰጥተው ይፈርሙ ብለውኛል፤ እስካሁን አልፈረምኩም። የሚገባኝ ምንድን ነው? ልፈርም ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ የተከበሩ እናታችን፣ ስለ መሬቱ የተነገረዎት ከሕጉ ጋር የሚስማማ ነው፤ ነገር ግን የሕጉን ግማሽ ብቻ የያዘ ነው። የከተማ ቦታ በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሆኗል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም በማለት ያንኑ ስላጸና፣ ለራሱ ለቦታው የሚከፈል ዋጋ የለም። የዚሁ አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 7 ግን ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ በሠራው ቋሚ ንብረትና ባደረገው ቋሚ መሻሻል ላይ ሙሉ መብት እንዳለው ይናገራል። ንዑስ አንቀጽ 8 ደግሞ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲል የግል ንብረትን መውሰድ የሚችለው ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ ከፍሎ እንደሆነ ይደነግጋል። ስለዚህ ሱቆቹ ፈርሰው ገንዘቡ በኋላ ይመጣል ቢባሉ፣ ይህ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን መሆኑን ይወቁ።

ለቤቱ ብቻ ነው መባሉ ትክክል አይደለም። አዋጁ ካሣን በሁለት ወገን ይመለከተዋል፤ አንደኛው በመሬቱ ላይ ላለው ንብረትና ለቋሚ ማሻሻያ የሚከፈል ሲሆን፣ ሁለተኛው ሰው ከቦታው በመነሣቱ ወይም ገቢው በመቋረጡ ለሚደርስበት ጉዳት የሚከፈል ነው። በመጀመሪያው ወገን ሱቆቹና በረንዳው ብቻ ሳይሆኑ አጥሩ፣ የውጭ በሩ፣ በግቢው ፊት የተነጠፈው ድንጋይ፣ ጌሾውና ፍሬ የሚሰጠው ዛፍ ሁሉ ይገባሉ። ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ስለሆነች ብዙ ግቢ የቆመው በድጋፍ ግንብ ላይ ነው። ይህ ግንብ ከአጥሩ በታች ስለሚውል ለዓይን እንደ አጥር ይመስላል፤ ነገር ግን ወጪው ከአጥር የሚበልጥ ሌላ ሥራ ነውና በቅጹ ላይ ለብቻው መጻፍ ይኖርበታል። የውኃና የመብራት ቆጣሪን የመሰለ ተነሥቶ ሊተከል የሚችል ነገር ካለም፣ የማንሻው፣ የማጓጓዣውና መልሶ የመትከያው ወጪ ይታሰባል።

የቤቱ ግምት መለኪያ ይህን ዓይነት ቤት አዲስ አድርጎ ለመተካት ዛሬ ምን ያህል ያስወጣል የሚለው ነው። ቤቱ አርጅቷል፣ ጭቃው ረግፏል፣ ቆርቆሮው ዝጓል ተብሎ ዋጋ እንዲቀነስ ሊደረግ አይገባም፤ ሕጉ የሚፈልገው የፈረሰበት ሰው ያንኑ መልሶ እንዲሠራ ማስቻል ነውና። ግምቱን የሚሠራው በቅድሚያ ፈቃድ ያለው የግል ገማች ድርጅት ወይም አማካሪ፣ እርሱ ከሌለ ራሱን የቻለ የመንግሥት ተቋም፣ እርሱም ከሌለ ከባለሙያዎች የተውጣጣ ኮሚቴ እንደሆነ አዋጁ ቅደም ተከተሉን አስቀምጧል። የእርስዎን ግምት ከእነዚህ የትኛው እንደሠራውና በየትኛው ዓመት ነጠላ ዋጋ እንደተሠላ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ከሁለተኛው ወገን ለእርስዎ የሚመለከተው በዋናነት የሱቆቹ ገቢ ነው። ከቤትዎ ሳይነሡ ፊቱ ብቻ ስለሚፈርስ፣ ሙሉ በሙሉ ለሚነሡ ሰዎች የተደነገገውን የሁለት ዓመት የቤት ኪራይ አያገኙ ይሆናል። ይሁን እንጂ የኑሮዎ መሠረት የሆነ ገቢ በመንገዱ ምክንያት ሲቋረጥ የኢኮኖሚ ጉዳት ካሣ የሚጠየቅበት ነው። የኪራይ ውል በጽሑፍ ካለዎት፣ የኪራይ ገቢ ግብር የከፈሉበት ደረሰኝ ካለዎት አሁኑኑ ያሰባስቡ። ተከራዮችዎም በንግድ ፈቃዳቸውና በግብር መዝገባቸው መሠረት ስለ ራሳቸው የገቢ መቋረጥ ለየብቻቸው ማመልከት እንደሚችሉ ይንገሯቸው፤ የእነርሱ ጥያቄ የእርስዎን አይቀንሰውም።

ቀሪውን ግቢ በተመለከተ በጥንቃቄ የሚወሰን ነገር አለ። ከይዞታ ላይ ከፊሉ ሲወሰድ፣ የቀረው ክፍል ከከተማው ፕላን ጋር የሚጣጣም እስከሆነ ድረስ ባለይዞታው ቀሪውን ይዞ ለፈረሰው ክፍል ካሣ መውሰድ ይችላል። ቀሪው ለግንባታ የማይመች ወይም ከፕላኑ ደረጃ በታች ከሆነ ግን ሙሉውን ለቆ የሙሉውን ካሣና ምትክ ቦታ መጠየቅ ይቻላል። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት ቀሪው ስንት ካሬ ሜትር እንደሚሆን፣ ከአዲሱ መንገድ ጠርዝ ምን ያህል ርቀት ሳይገነባበት መተው እንዳለበት፣ ሱቆቹን ወደ ውስጥ ገፍተው ለመሥራት የግንባታ ፈቃድ ማግኘት ይችሉ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። መንገዱ ከሰፋ በኋላ በዋና መንገድ ዳር የሚቀር ቦታ፣ ሱቅ ሊሠራበት ከተቻለ፣ ራቅ ብሎ ከሚሰጥ ምትክ ቦታ ይልቅ ለእርስዎ የሚሻል ይመስለኛል፤ እድርዎና ቤተ ክርስቲያንዎም ከጎንዎ ይቆያሉ። ውሳኔው ግን የእርስዎና የልጆችዎ ነው።

ስለ ፊርማው ሲሆን፣ በእኔ እምነት የካሣ ጉዳይ ዕጣ የሚወድቀው በቆጠራው ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ፣ ግምቱም፣ ቅሬታውም፣ ይግባኙም፣ የሚያጠነጥነው በዚያ ቅጽ ላይ በተጻፈው ንብረትና ልክ ዙሪያ ነው፤ ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ደግሞ ያልተጻፈን ነገር ማስረዳት እጅግ ይከብዳል። ስለዚህ አልፈርምም ብሎ ቅጹን መመለስም፣ ሳያነቡ መፈረምም አይጠቅምም። ማንበብና መጻፍ የሚችል የቤተሰብ ሰው ይዘው፣ ሜትር ይዘው፣ እያንዳንዱን መስመር ከንብረቱ ጋር ያስተያዩ። የግድግዳው ዓይነት ድንጋይ ነው ወይስ ጭቃ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው ወይስ አፈር፣ ኮርኒስ አለው ወይስ የለውም የሚለው ሁሉ ነጠላ ዋጋውን ይለውጠዋል። የጎደለ ካለ በዚያው ቅጽ ላይ ከፊርማዎ በላይ «የድጋፍ ግንቡና ንጣፉ አልተቆጠረም፤ ቅሬታዬ እንደተጠበቀ ሆኖ ፈርሜያለሁ» ብለው ያጽፉ፤ ቀኑንም ይጻፉ። ቅጂ ሳይቀበሉ አይለያዩ። ቅጂ የለም ከተባለ የእያንዳንዱን ገጽ ፎቶግራፍ ያንሡ፤ ሱቆቹንም፣ ግንቡንም፣ በረንዳውንም ከውጭና ከውስጥ ያስነሡ።

ጥያቄ፦ በፒያሳ አቅራቢያ ያለው የአባታችን ቤት ሙሉ በሙሉ ለመንገድ ይነሣል ተብሏል። አባታችን ካረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ ካርታው ግን እስካሁን በስማቸው ነው። አምስት ልጆች ነን። በቤቱ የምኖረው እኔና ቤተሰቤ ስንሆን ግብሩንም የምከፍለው እኔ ነኝ፤ ቆጠራውም በእኔ ስም ተመዝግቧል። አሁን ወንድሞቼና እኅቶቼ ድርሻችን ይላሉ። ካሣው የማን ነው?

መልስ፦ በቤቱ መኖርዎና ግብር መክፈልዎ ብቻውን ቤቱን የእርስዎ የግል አያደርገውም። ከአባትዎ የተላለፈው ንብረት፣ ኑዛዜ ከሌለ፣ የሁሉም ልጆች ነው፤ እናታችሁ በሕይወት ካሉ ደግሞ ከጋብቻ ንብረቱ የራሳቸው ድርሻ ቀድሞ ይወጣል። እርስዎ በራስዎ ገንዘብ ጨምረው የሠሩት ክፍል፣ ወጥ ቤት ወይም አጥር ካለ ግን ያንን ለይቶ የማስቆጠር መብት አለዎት። እኅት ወንድሞችዎ ይህን የሚያምኑ ከሆነ በቆጠራው ቅጽ ላይ «ከአባት የተወረሰ» እና «በወራሹ የተጨመረ» ተብሎ ተለይቶ እንዲጻፍ ያድርጉ።

የመጀመሪያው ሥራ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ማውጣት ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 996 የፈቀደው ይህንኑ ነው። ይህ ማስረጃ ሳይኖር ክፍያው ቢመጣ አንዱ ወገን መቃወሚያ ያቀርባል፣ ገንዘቡ በዝግ ሒሳብ ይቀመጣል፣ ብሩ በባንክ እያለ ዋጋው እየወረደ ክርክሩ ይቀጥላል። ወንድማማቾችን በዚህ መንገድ ተጣልተው ማየት ያሳዝናል፤ ብዙ ጊዜ የሚጋጩበት ምክንያት ጥሬ ገንዘቡ ሳይሆን ምትክ ቦታው ነው። ለአንድ ይዞታ የሚሰጠው አንድ ምትክ ቦታ ስለሆነ አምስት ላይ ሊቆረስ አይችልም። ስለዚህ ቦታውን ማን እንደሚወስድ፣ የወሰደው ለሌሎቹ ከጥሬ ገንዘቡ ምን ያህል እንደሚያካክስ፣ በቤቱ ይኖር ለነበረው ቤተሰብ ከሁለት ዓመቱ የኪራይ ካሣ ምን እንደሚታሰብለት ገንዘቡ ሳይመጣ በፊት በሽማግሌ ፊት ተነጋገሩ። የተስማማችሁበትን በጽሑፍ አድርጋችሁ ሰነድ በሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት አስመዝግቡት።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ቤቱ በጣሊያን ዘመን የተሠራ ወይም ከዚያ የቀደመ ከሆነ በቅርስነት ተመዝግቦ እንደሆነ የከተማውን የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት መጠየቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፋሲል ግቢ በከተማዋ እምብርት የሚገኝ ሲሆን፣ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የተመዘገበ የማይንቀሳቀስ ቅርስ ጉዳዩ የሚመለከተው ባለሥልጣን ሳይፈቅድ አይፈርስም።

ካርታ ጨርሶ ስለሌላቸው የጻፉልንም አሉ። ካሣ የሚከፈለው ለሕጋዊ ባለይዞታ ነው፤ ሆኖም ይዞታን የሚያስረዳው ካርታ ብቻ አይደለም። የቤትና የቦታ ግብር ደረሰኝ፣ የቀበሌ መዝገብ፣ የቆየ የውኃና የመብራት ውል፣ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ በቤቱ ላይ የተጻፈ ማንኛውም የመንግሥት ደብዳቤ ተሰብስቦ ሲቀርብ፣ ባለይዞታው ማን እንደሆነ የማጣራትና የመወሰን ግዴታ የአስተዳደሩ ነው። ይህን ማስረጃ አሰባስቦ ማቅረብ የሚያስፈልገው ቆጣሪው ከመምጣቱ በፊት ነው።

ጥያቄ፦ የምንኖረው በማራኪ ነው። በግድግዳችን ላይ ቀይ ቀለም ከተቀባ ዓመታት አልፈዋል፤ ቆጠራም ያኔ ተደርጎ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣ የለም። ጣራው ያፈሳል፤ ብታድሱት ካሣ አይታሰብላችሁም ስለተባልን ፈርተን ተውነው። ሰሞኑን መጥተው በዚያው በድሮው ግምት ክፍያ ተቀብላችሁ በሁለት ሳምንት ልቀቁ አሉን። በዚህ ገንዘብ እንኳን ቤት መሠረትም አይወጣም።

መልስ፦ ይህ ደብዳቤ ከደረሱን ሁሉ በላይ ያሳሰበን ነው። አንድ ቤተሰብ ላይነሣም ላይቀመጥም፣ ሊያድስም ሊሸጥም ሳይችል ለዓመታት ሲቆይ የሚደርስበት ጉዳት በየትኛውም የካሣ ቀመር ውስጥ የለም። ሕጉ እንዲህ ያለውን ነገር ለመከላከል ብሎ ነው ሂደቱን በጊዜ የወሰነው።

አዋጁ እንደሚያዘው፣ የሚነሡ ሰዎች ቦታውን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነት፣ ጥቅምና ሂደት ሊወያዩ ይገባል፤ ጉዳዩ አስቸኳይ ከሆነም ይህ ጊዜ ከስድስት ወር ማነስ የለበትም። ከዚያ ንብረት ይቆጠራል፣ ባለይዞታነት ይጣራል፣ ካሣ ይገመታል፣ ይከፈላል፤ ምትክ ቦታ ወይም ቤት ይሰጣል። ንብረት ያለበትን ይዞታ ማስረከብ የሚጠበቅባችሁ ካሣው ከተከፈላችሁ ወይም ምትክ ከተረከባችሁ በኋላ ባሉት 120 ቀናት ውስጥ ነው። በላዩ ምንም ንብረት የሌለበት ባዶ ቦታ ብቻ ነው 30 ቀናት የሚሰጠው። ስለዚህ ሁለት ሳምንት የሚለው በአፍ ብቻ ከተነገራችሁ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ በጽሑፍ ሲሆን የአዋጁን 120 ቀናት ጠቅሳችሁ መልስ ስጡበት።

የድሮው ግምት ዋናው ጉዳይ ነው። ሕገ መንግሥቱ ካሣው ተመጣጣኝ እንዲሆን፣ አዋጁም ቤቱን አዲስ አድርጎ ለመተካት እንዲበቃ ሲያዝ፣ ይህ መለኪያ ትርጉም የሚኖረው በሚከፈልበት ጊዜ ባለው ዋጋ ሲሠላ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር እንዳለፈ ሁላችንም እናስታውሳለን። ከውጭ በሚመጣ ብረትና በሌሎች የግንባታ ዕቃዎች ላይ ያደረሰውን ጫና ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያ በፊት የተሠራ ግምት ዛሬ የቤቱን ምትክ ሊያቆም አይችልም። ስለዚህ ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት ግምቱ በወቅታዊ ነጠላ ዋጋ እንዲታደስ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ከሁለትና ከሦስት የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች የሲሚንቶ፣ የብረት፣ የቆርቆሮና የእንጨት ዋጋ ፕሮፎርማ አስወጥታችሁ አያይዙ። በስም የተጠቀሰ ዋጋ የያዘ ማመልከቻ፣ ገንዘቡ አነሰ ብሎ ከሚጮኽ ማመልከቻ የበለጠ ይሰማል።

ቅሬታችሁ ካልተሰማ መንገዱ ይህ ነው። ትእዛዙ ወይም ግምቱ ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ በ30 ቀናት ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚ አካል ታመለክታላችሁ፤ አካሉም በ30 ቀናት ውስጥ ይወስናል። ውሳኔው ካላረካችሁ በጽሑፍ ከደረሳችሁ ጀምሮ በ30 ቀናት ውስጥ ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ የጉባኤው ውሳኔም ካላረካችሁ በ30 ቀናት ውስጥ ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ትላላችሁ። በዚህ ሁሉ ላይ ወሳኙ ቀኑ ነውና፣ እያንዳንዱን ደብዳቤ ስትቀበሉ የተቀበላችሁበትን ቀን ጻፉበት፤ ስትሰጡም በቅጂው ላይ የገቢ ማኅተምና ቁጥር ሳታስደርጉ አትመለሱ። ከጎረቤቶቻችሁ ጋር በአንድ ላይ ማመልከት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የእያንዳንዱ ቤት ንብረትና ስሌት የተለያየ ስለሆነ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ማመልከቻም ማስገባት አለበት።

ስለ ጣራው፣ ከቆጠራ በኋላ ለተጨመረ አዲስ ክፍል ካሣ አይታሰብም መባሉ ትክክል ነው። የሚያፈስን ጣራ መጠገን ግን አዲስ ግንባታ አይደለም፤ ቤተሰብ በዝናብ እንዲቀመጥ የሚያዝ ሕግ የለም። ከመጠገናችሁ በፊትና በኋላ ፎቶግራፍ አንሥታችሁ፣ ጥገናው የቤቱን ልክ እንደማይለውጥ በአንዲት ገጽ ደብዳቤ አሳውቁ።

ሙሉ በሙሉ የምትነሡ ከሆነ ደግሞ ከቤቱ ካሣ ሌላ ምትክ ቦታ ወይም ቤት፣ የሚፈርሰው ቤት በወቅቱ ሊከራይ በሚችልበት ዋጋ የተሠላ የሁለት ዓመት ኪራይ ወይም ለሁለት ዓመት በነጻ የሚሰጥ መኖሪያ፣ እንዲሁም ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳት የሚከፈል ካሣ በአዋጁ ተደንግጓል። ይህ የመጨረሻው በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ያልነበረ ነው። ለዘመናት አብሮ እድር የጠጣና ማኅበር የበላ ሰፈር ሲበተን የሚጠፋውን ነገር ሕግ በመጠኑም ቢሆን ማወቁን እኔ እንደ ትልቅ እርምጃ እቆጥረዋለሁ። በደረሳችሁ የክፍያ ዝርዝር ላይ ይህ መስመር ከሌለ ለምን እንደሌለ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ በጠዳ አቅራቢያ የማርሰው ሁለት ጥማድ መሬት አለኝ። ጤፍና ሽምብራ እየቀያየርኩ እዘራበታለሁ። ግማሹ ለመንገዱ ይወሰዳል፤ ከቀረው ላይ ደግሞ ኮንትራክተሩ ለጊዜው ድንጋይ ማከማቻና የማሽን ማቆሚያ ያደርገዋል ተብሏል። የገጠር መሬት ካሣ እንዴት ነው የሚሠላው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሁለቱ ነገሮች የተለያዩ ስለሆኑ በሁለት ቅጽ እንዲጻፉልዎ ይጠይቁ፤ አንዱ ለዘለቄታው የሚለቁት ሲሆን ሌላው ለጊዜው የሚለቁት ነው።

ለዘለቄታው ለሚለቁት፣ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሲወጣ የደነገገው እንዲህ ነው። ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ካልተገኘ፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ምርት የተገኘበት ዓመት ገቢ ተወስዶ በ15 ይባዛል። እንበልና ሦስቱ ዓመታት ከዚያ ማሳ 60,000፣ 85,000 እና 70,000 ብር ያስገቡ ቢሆን፣ የሚወሰደው 85,000 ሲሆን በ15 ሲባዛ 1,275,000 ብር ይሆናል። በቀድሞው አዋጅ ግን የአምስት ዓመት አማካይ ገቢ ተወስዶ በ10 ብቻ ይባዛ ነበር። አማካይ ሲነግሩዎት ከሰሙ እንግዲህ የቆየውን ሕግ እያሰቡ ነውና ያስታውሷቸው። ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ከተሰጠዎት ደግሞ ከመሬቱ ጋር የአንድ ዓመት ገቢ ይታሰባል። በማሳው ላይ ያለ ባሕር ዛፍ፣ የድንጋይ እርከን፣ የውኃ ጉድጓድና ያልተሰበሰበ ሰብል ከዚህ ሌላ ነው።

ሁሉም ነገር የሚቆመው በምርቱ ልክ ላይ ነው። በኩንታል ስንት ጤፍ፣ ስንት ሽምብራ እንደገባ የሚያውቁት እርስዎና የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ናችሁ። በመዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር ከእውነቱ ያነሰ ከሆነ አሁን ያስተካክሉት፤ ገለባውም ዋጋ አለውና አይርሱት። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተርዎ የእርስዎና የባለቤትዎ ስም ያለበት ከሆነ፣ በቆጠራውም በክፍያውም ባለቤትዎ አብረው ይገኙ። ማሳውን በእኩል የሚያርስልዎ ሰው ካለ፣ በዘራው ሰብል ላይ ያለውን ድርሻ አስቀድማችሁ በምስክር ተስማሙ።

ኮንትራክተሩ ለጊዜው ለሚይዘው ክፍል፣ መሬቱ እስኪመለስልዎ ድረስ ያለው ገቢ ይታሰባል። ድንጋይ የተከማቸበትና ከባድ ማሽን የቆመበት አፈር በተመለሰ ማግስት እንደ ቀድሞው አያበቅልም፤ አዋጁም መሬቱ ወደ ቀድሞ ምርታማነቱ እስኪመለስ የሚወስደውን ተጨማሪ ጊዜ ከግምት ያስገባል። ስለዚህ ስምምነቱ በቃል እንዳይሆን። መቼ እንደሚለቅ፣ ጠጠሩን ጠርጎ ከላይ የነበረውን ለም አፈር መልሶ እንደሚያለብስ፣ ከዘገየ ምን እንደሚከፍል በአስተዳደሩ ፊት ይጻፍ። ከሁሉ በፊት ለሙ አፈር ተገፍፎ ለብቻው እንዲከመር ያድርጉ፤ ከጠጠር ጋር ከተደባለቀ በኋላ የሚመልሰው የለም።

ጥያቄ፦ መንገዱ የፌዴራል ነው ይላሉ። ካሣውን የሚከፍለው የመንገዶች አስተዳደር ነው ወይስ ከተማው? መንገዱ እንዳይሠራ መቃወምስ እችላለሁ?

መልስ፦ ቀደም ሲል የፌዴራል መንገድ ካሣ የሚመጣው ከፌዴራል በጀት ነበር። በ2016 ዓ.ም. አዋጁ ሲሻሻል ግን ካሣ የመክፈሉ ኃላፊነት ወደ ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች ተላልፏል። ይህ ለውጥ ክፍያን ከአካባቢው በጀት ጋር ያስተሳሰረው ስለሆነ፣ በጀቱ መያዙን ጠይቆ ማረጋገጥ ለተነሺ ሁሉ ተገቢ ጥያቄ ነው። የሚቆጥርዎ፣ የሚገምትዎና የሚከፍልዎ የአካባቢዎ አስተዳደር ስለሆነ ማመልከቻዎንም ለእርሱ ያቅርቡ። ስለ መቃወሙ፣ በከተማው ፕላን ላይ ያለ መንገድ የሕዝብ ጥቅም መሆኑ አያከራክርም። የመንገዱ መስመር ከጸደቀው ፕላን ወጥቶ ወደ ግቢዎ የተጠመዘዘ ከመሰለዎ ግን ፕላኑን አይተው፣ ልዩነቱን ጠቅሰው፣ በ30 ቀናት ውስጥ አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ የምኖረው በቀበሌ ቤት ነው። ቤቱ የመንግሥት ስለሆነ ምንም አይገባህም ተባልኩ። እውነት ነው?

መልስ፦ ለቤቱ ካሣ አይከፈልዎትም፤ ያልሠሩት ቤት ነውና። ነገር ግን የቀበሌ ቤት ሕጋዊ ተከራይ ሌላ ምትክ የቀበሌ ቤት በኪራይ ወይም የጋራ መኖሪያ ቤት በግዢ የማግኘት መብት በአዋጁ ተሰጥቶታል። በአስተዳደሩ ፈቃድ በራስዎ ገንዘብ የሠሩት ተጨማሪ ክፍል ካለ የፈቃዱን ደብዳቤና የወጪውን ደረሰኝ ለቆጣሪው ያቅርቡ። የኪራይ ውልዎ በሟች ወላጅ ስም ከሆነ ወደ ስምዎ የሚዞርበትን ጥያቄ በዚህ ሳምንት ያስገቡ።